የሙባሪክ አራት ሰከንድ

ሙባሪክ መጅጉል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሙምባይ ፊልሞች ውስጥ ሲሞት የኖረ ሰው ነው። ከገደል ተወርውሮ ሞቷል፤ በመጥበሻ ተመትቶ ሞቷል፤ አንድ ጊዜማ ዋናው ተዋናይ ሲያስነጥስበት ደንግጦ ሞቷል። የሚሰጠው ቦታ ምንጊዜም አንድ ነው፤ አፍሪካዊው ወሮበላ። ስም የለውም፣ ቤት የለውም፣ እናት የለውም። ጥቁር መነጽር ያደርጉለታል፣ የበሬ ማሰሪያ የሚያህል ቢጫ ሰንሰለት አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉለታል፣ ከዚያ "በል እንግዲህ፣ በአፍሪካኛ አስፈራራው" ይሉታል።

ሙባሪክ ደግሞ አፍሪካን በካርታ ላይ ካልሆነ አይቷት አያውቅም። የተወለደው እዚያው ሕንድ አገር፣ ጉጃራት ውስጥ፣ ጃምቡር በምትባል የሲዲዎች መንደር ነው። አባቱም፣ አያቱም፣ የአያቱ አያትም እዚያው አፈር ውስጥ ተኝተዋል። የሲዲዎች ዘር ከባሕር ማዶ የመጣው ማንም በማያስታውሰው ዘመን ሲሆን፣ ከመልካቸውና ከከበሯቸው በቀር ከዚያ ያመጡት ነገር እምብዛም የለም። ሙባሪክ ሕልም የሚያየው በጉጃራትኛ ነው፤ የሚሳደበው በጉጃራትኛ ነው፤ ጥርሱን ሲያመው የሚያቃስተውም በዚያው ነው።

ታዲያ የመጀመሪያ ቀን "በአፍሪካኛ አስፈራራው" ሲሉት ምን ያድርግ? ላብ አጠመቀው። ወዲያው አፉ ላይ የመጣለትን አወረደው፤ ከጁናጋድ ወደ ኡና የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆምባቸውን ቦታዎች። "ሜንዳርዳ፣ ሳሳን፣ ታላላ፣ ኮዲናር" እያለ ጥርሱን ነክሶ የዋናውን ተዋናይ ጉሮሮ አነቀ። የዚያ ፊልም ዳይሬክተር ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ሙባሪክ ሲያስፈራራ ከጁናጋድ ተነሥቶ ወደ ኡና ይወርዳል፣ አትግደሉኝ ብሎ ሲለምን ደግሞ ከኡና ወደ ጁናጋድ ይመለሳል። በመላው አገር ሕፃናት ፈሩት። በታላላ ሲኒማ ቤት ግን እሱ ሽጉጡን መዝዞ "ሳሳን፣ ታላላ" ባለ ቁጥር አዳራሹ ባንድ አፍ "ወራጅ አለ" ይላል።

እናቱ ሐዋባይ ግን አልሳቀችም። ድሮ በፊልም ፍቅር ያበደች ሴት ነበረች፤ ዓርብ ሲመጣ ምሳውን ጥዳ ሲኒማ ቤት ትሄድ ነበር፣ ያረረውን ምሳ የበላው ቤተሰብ ይመስክር። ልጇ ተዋናይ ሆነ ሲባል ለመንደሩ ጣፋጭ አድላ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ዋናው ተዋናይ ልጇን በጥፊ ሲያጮለው ተነሥታ ጫማዋን አወለቀችና በመጋረጃው ላይ ወረወረችው። ወደ ቤቷ የተመለሰችው በአንድ እግር ጫማ ነው።

"ስማ ሙባሪክ" አለችው ማታውኑ በቤቷ ስልክ። "ሐኪም ሁን፣ ሽንኩርት ሻጭ ሁን፣ ግድ የለኝም። ሰው ሆነህ፣ በእኔ ቋንቋ አንዲት ነገር ስትናገር እስካልሰማሁ ድረስ ግን እግሬ ሲኒማ ቤት አይረግጥም።"

ሐዋባይ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በታላላ ሲኒማ ቤት በር የምታልፈው ፊቷን ወደ ጫማ ጠጋኙ አዙራ ነው። የፊልም ዘፈን ከሰው ሬዲዮ ስትሰማ ግን ቆማ ታዳምጣለች ብለው ለሙባሪክ ነገሩት። ይኼ አንጀቱን በላው። የእናቱን ደስታ የወሰደባት የገዛ ፊቱ እንደሆነ ያውቃል፤ ከሞተባቸው ሞቶች ሁሉ ያንን ያህል ያመመው የለም።

እንዲህ እያለ ሳለ "አምስተኛ ፎቅ ላይ ሠርግ አለ" የሚባል ፊልም መጣ። አያትም የልጅ ልጅም ተሰብስቦ የሚያየው ዓይነት ኮሜዲ ነው፤ አምስት ዘፈን አለው፣ አንድ የተሰወረ ሙሽራ አለው፣ መጨረሻ ላይ ትልቅ ኬክ ሰው ላይ ይወድቃል። ዳይሬክተሩ ሚሊንድ ሳቴ ይባላል፤ ከሲታ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ምድጃ ላይ ረስቶ የመጣ የሚመስል ሰው ነው። ፊልሙን የሚገዛው የውጭ አገር ኩባንያ አንድ ነገር ጠይቆታል፤ ፊልሙ ሁሉንም ዓይነት ሰው የሚወክል መሆን አለበት። ለዚህም ሣጥን ሣጥን ያለው ቅጽና ቅጹን የምታስከብር ኢንድራኒ የምትባል ሴት ልከውለታል።

ሚሊንድ ሣጥኖቹን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞላቸው። ከዚያው ከሕንድ፣ ከናጋላንድ የመጣውን ተዋናይ ቻይናዊ አደረገው። ኔፓላዊውን የግቢ ዘበኛ ጃፓናዊ አደረገው። "አፍሪካዊ" የሚለው ሣጥን ላይ ሙባሪክን ጻፈ። የፊልሙ ዋና ሰው፣ የጉጃራቲው ቤተሰብ አዛዥ ጀየንቲ አጎት ደግሞ ለጉርቪንደር ባጅዋ ተሰጠ። ባጅዋ ፑንጃቢ ነው፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው፤ ፊቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ትኬት ያልቃል። እሱ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ የጠየቀ የለም።

ሙባሪክ በዚህኛው እንደማይሞት ሲነግሩት ማመን አቃተው። ለሠርጉ ከውጭ የመጣ ነጋዴ ነው፣ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ በሰላም ይመለሳል። ለእናቱ ደውሎ "እማ፣ አልሞትም" አላት። "ታወራለህ ወይ?" አለችው። ገና አልነገሩኝም አላት። "እንግዲህ ሲነግሩህ ደውል" ብላ ዘጋችው።

ኢንድራኒ ሥራ የጀመረችው ሙባሪክን በመጠየቅ ነው። ትሑት ሴት ነች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ ማስታወሻ ደብተሯ የወፈረ።

"ከየት ነው የመጡት?" አለችው።

"ከጃምቡር።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊት አባቴ ነበር፣ እሱም ከጃምቡር ነው።"

"ማለቴ የዘር ምንጭዎ። አያትዎስ?"

"አያቴ አንድ ጊዜ ጊደር ሊገዛ ታላላ ሄዶ ነበር" አለ ሙባሪክ አስቦ አስቦ። "በማግስቱ ግን ተመልሷል።"

ኢንድራኒ ይህንን ሁሉ ጻፈች። ከዚያ በቀደሙት ፊልሞች ላይ የሚናገረውን ቋንቋ እንዲያሰማት ለመነችው። ሙባሪክ እፍረት ያዘው፣ ሆኖም ሥራው እንዳያመልጠው ብሎ ከሜንዳርዳ ጀምሮ እስከ ኡና በትሕትና ወረደላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እንዴት ያለ ጥንታዊ ዜማ ነው፣ በየትኛው አካባቢ ነው የሚነገረው አለች። ሙባሪክም እውነቱን ተናገረ፤ ጁናጋድ መናኸሪያ። እሷም "ጁናጋድመና" ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች።

የፊልም ቀረጻው ሦስተኛ ቀን ላይ ግን ሌላ ችግር ፈነዳ። ጀየንቲ አጎት ከላይ ፎቅ የሚኖረውን ጎረቤት ሊሳደብ ነው፤ ጎረቤቱ ካሰጣው ልብስ ውሃ ሻዩ ውስጥ ተንጠባጥቦበታል። ባጅዋ ደግ ሰው ነው፣ ተዋናይነቱም አይታማም፣ ጉጃራትኛን ግን እንደ ጥሬ ሽንብራ ነው የሚያኝከው። እሱ ሲቆጣ ንዴቱ ተሰማ፣ ቃሉ አልተሰማም። የድምፅ ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ ፊቱን ታጠበ። ጉዳዩን ያባባሰው ደግሞ የፊልሙ ባለቤት ባጅዋ ስድስት ወር ጉጃራትኛ ተምሯል ብሎ ለጋዜጣ ሁሉ መናገሩ ነው። ባጅዋ በስድስት ወር ውስጥ የተማረው ጉጃራቲዎች የሚበሉትን ነው፣ እሱንም በተግባር።

ሙባሪክ የነጋዴ ኮፍያውን ደፍቶ ጥግ ቆሞ ነበር። ባጅዋ አንድ ቃል በሰበረ ቁጥር የሙባሪክ ከንፈር ሳያውቀው ያስተካክለዋል። ባጅዋ አየው።

"ወንድሜ፣ አንተ ይኼን ቋንቋ ትችላለህ እንዴ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"የት ተማርከው?"

"ጡት ስጠባ።"

ባጅዋ ቀልድ መስሎት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሙባሪክ ገጹን ተቀብሎ የስድቡን ክፍል ከላይ እስከ ታች ሲወጣው ግን ሳቁን ዋጠ፣ ክንዱንም ጨብጦ አልለቅም አለ። በዚያው ዕለት መላ መቱ። ሳሎኑ መሐል ባለው ቀይ ሶፋ ሥር ሙባሪክ በሆዱ ይተኛል፣ ቃሉን ያንሾካሹካል፣ ባጅዋ እየተከተለ ይናገራል። ለሚሊንድ አልነገሩትም፣ እሱ ራሱ ላይ የሚበቃው ነበረበት።

ነገሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠራ። ኋላ ሚሊንድ "በንዴት ተቀመጥ" አለው ባጅዋን። ባጅዋም የታዘዘውን የሚፈጽም ተዋናይ ነውና በንዴት ተቀመጠ። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሲወርድበት የሶፋው ሆድ መሬት ነካ፣ በመሬቱና በሶፋው መካከል ደግሞ ሙባሪክ አለ። ባጅዋ ደንግጦ የሚለው ጠፋበት። ከዚያ ከሶፋው ሥር፣ ንጹሕ የካቲያዋር፣ የሙባሪክ አገር ገበሬዎች ጉጃራትኛ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ወጣ።

"አንተ የጎረቤት ጉድ፣ የሙታንታህ ውሃ ሻዬን ሾርባ አደረገው። ቤት ተከራይተህ ነው ወይስ ደመና? ተነሥ፣ ተነሥልኝ አንተ ዝሆን፣ ልሞት ነው።"

ከባጅዋ በቀር በሦስት ቀን ውስጥ ማንም ያልሳቀበት ቡድን ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አብሳዩ ሳይቀር ጭልፋውን ይዞ መጣ። የካሜራ ሰውየው ካሜራውን ደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያልሳቀው ሚሊንድ ብቻ ነበር። እሱ በዚያች ቅጽበት ፊልሙ እንዴት መሰማት እንዳለበት ሰምቷል። ሙባሪክን ከሶፋው ሥር በእግሩ ጎትተው ሲያወጡት፣ እጁን ይዞት ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ።

የሙምባይ አሠራር ለዚህ ምቹ ነው፤ ምስሉ ዛሬ ይቀረጻል፣ ድምፁ ከወራት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይለጠፋል፣ የማን ድምፅ ማን አፍ ላይ እንደተለጠፈ ተመልካች አይጠይቅም። ሚሊንድ ያቀረበለት ይኼን ነው። ባጅዋ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ጀየንቲ አጎትን የሚናገረው ሙባሪክ ይሆናል። ነገር ግን በምስጢር፤ ስሙ የትም አይጻፍም፣ ለማንም አይናገርም፣ ይፈርማል። ክፍያውን እጥፍ አደርግልሃለሁ አለው።

ሙባሪክ ገንዘብ የሚጠላ ሰው አልነበረም፣ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ሄደ።

"ጌታው፣ እጥፉ ይቅር" አለ። "አንድ ዐረፍተ ነገር ይስጡኝ። በራሴ ፊት፣ በራሴ አፍ፣ በጉጃራትኛ።"

"አንድ ብቻ?"

"እናቴ ብዙ አልጠየቀችም።"

ሚሊንድ ተስማማ። ዐረፍተ ነገሩንም ራስህ ጻፈው አለው። ይኼኔ የሙባሪክ መከራ ጀመረ። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቁ ከኖሩ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ነበር፣ ራሱም ሲያነበው እንቅልፍ መጣበት። ቀጥሎ ቀልድ ጻፈ፤ ባጅዋ ሳቀ፣ ባጅዋ ግን በምንም ይስቃል። የሠርጉ ትዕይንት ሲደራጅ ግን አንድ ነገር አየ። የሙሽራዋ አያት ጥግ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፤ ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ እሷን ያስታወሳት የለም። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ነጋዴው በዚያ በኩል ዝም ብሎ ማለፍ ነበረበት። ሙባሪክ የጻፈውን ሁሉ ቀደደና አንዲት መስመር ይዞ መጣ።

ቀረጻው ላይ ሰሐኑን ይዞ ወደ አሮጊቷ ሄደ፣ በርከክ አለ፣ "እማ፣ አንቺ እኮ ገና አልበላሽም" አላት።

አራት ሰከንድ ፈጀ። አያቲቱን የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት በትዕይንቱ ላይ ያልተጻፈ እንባ አወጣች። ሚሊንድ ቁረጥ ማለት ረስቶ ቆየ። ኢንድራኒ የዚያን ቀን ስለ ውክልና ሊነገር በተዘጋጀ ጉባኤ ላይ ስለነበረች አላየችም።

ከወራት በኋላ ሙባሪክ ስምንት ቀን ጨለማ ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግቶ ጀየንቲ አጎትን ተናገረ። የአባቱን ማጓራት ሰጠው፣ የአጎቱን ነገረኝነት ሰጠው፣ ጃምቡር ውስጥ ሰው ከሰው ጋር የሚነዛነዝበትን ሁሉ ሰጠው። የባጅዋ ከንፈር መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ ከባጅዋ ይልቅ ዐወቀ። የራሱን አራት ሰከንድ በመጨረሻው ቀን አንድ ጊዜ ብሎ ጨረሰ። ባጅዋ መጥቶ አቀፈው።

"ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር መሳቂያ ነበር የምሆነው።"

"ኮሜዲ እኮ ነው" አለው ሙባሪክ። "መሳቂያ ለመሆን ነው የተከፈለህ።"

ከስቱዲዮው ሲወጣ ለእናቱ ደወለ።

"እማ፣ ተናገርኩ።"

"በማን ቋንቋ?"

"ባንቺ።"

ከዚያ ሐዋባይ ረጅም ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ አጭር ነው አላት። "ግድ የለም፣ እኔም ወሬ አላበዛም" አለችው። ስልኩን እንደዘጋች ጎረቤት ነገረች፣ ከጎረቤት ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች፣ ከወፍጮ ቤት ወደ ወንዝ። ሙባሪክም ከሙምባይ መጣ፤ ፊልሙ ታላላ የሚገባ ዕለት ሁለት የጭነት መኪናና አንድ ትራክተር ሙሉ ሲዲ ከጃምቡር ተነሣ። ሐዋባይ ትራክተሩ ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ እንደ ሙሽራ እናት ሻሿን አጥብቃ ነበር። ከደስታ ብዛት ቁርስ ይቅርብኝ ብላለች።

ስለ ታላላ ሲኒማ ቤት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ፊልም አንዴ አይታይም። ተመልካች ዘፈን ወይም ድብድብ ከወደደ "ድገም" ይላል፣ ፊልሙን የሚያሳየው ቫጁም ወደ ኋላ ይመልሳል። ካልመለሰ ሕዝቡ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል፣ ከጣሪያውም አቧራ ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚባል ፊልም ታላላ ውስጥ አራት ሰዓት ቢፈጅ የሚገርመው የለም።

ሐዋባይ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መሐለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሙባሪክን ከጎኗ አስቀመጠች። መብራቱ ጠፋ። የባጅዋ ግዙፍ ፊት መጋረጃውን ሞላው፣ አፉን ከፈተ፣ ጀየንቲ አጎት ስለ ጠፋ ጫማ መነዝነዝ ጀመረ። የሐዋባይ ጣቶች የልጇን ክንድ እንደ ጉጠት ያዙ።

"ይኼ ሰውዬ ውጦሃል እንዴ?" አለች። "ድምፅህ ሆዱ ውስጥ ነው።"

"እማ፣ ዝም በይ። ምስጢር ነው፣ ፈርሜያለሁ።"

"እኔ አልፈረምኩም" አለች ሐዋባይ። ዞር አለችና በረድፉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ልጄ እየተናገረ ነው ብላ አዘዘች። ሁለት የጭነት መኪናና አንድ ትራክተር ሕዝብ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ታላላ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም፤ ሦስት መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ መጋረጃው ቀስሮ፣ ጎኑን ይዞ ይስቃል። አንዳንዶቹ ሙባሪክ የማንን አጎት እንደሰረቀ ለይተው ተጠቋቆሙ፤ አጎትየውም እዚያው ነበርና ተቆጣ፣ ሲቆጣም ልክ ጀየንቲን መሰለ። ከፊት የተቀመጡት የታላላ ነጋዴዎች ዞረው አዩ፣ ግራ ገባቸው፣ አንዱ እሱም ጨፍኖ ሞከረ፣ እንደ እውነቱ ይሻላል አለ።

የሠርጉ ትዕይንት ሲመጣ ሙባሪክ የእናቱን ጉልበት ነካ አደረገ። "ክፈቱ" አለች ሐዋባይ፣ ሁሉም ከፈተ። መጋረጃው ላይ ሙባሪክ ቤት አክሎ መጣ፤ ሰሐን ይዟል፣ ከአሮጊቷ ፊት በርከክ አለ፣ አፉን ከፈተ።

"ሆምባላ ሆምባላ" አለ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ የሚመስል ጎርናና ድምፅ። ከሥሩም ጽሑፍ መጣ፤ "የአንበሳው አገር ሰላምታውን ይልካል።" ቤት የሚያክለው ሙባሪክ ሄደ፣ ዘፈን ገባ።

ኋላ እንደተሰማው ነገሩ የኢንድራኒ ሥራ ነው። የተጠናቀቀውን ፊልም አይታ ደነገጠች። አፍሪካዊው እንግዳ ከቤተሰቡ በላይ ጉጃራትኛ ከተናገረ ማን ያምነናል፣ ደግሞስ የሰውየውን ቋንቋ መቀማት አይሆንም ወይ ብላ ሚሊንድን አፋጠጠችው። ሚሊንድም ከቅጹና ለሙባሪክ ከገባው ቃል ቅጹን መረጠ። ለሙባሪክ ሁለት ጊዜ ደውሎለት ነበር፤ ሙባሪክ ግን ያኔ ጃምቡር ነበር፣ እዚያ የእጅ ስልክ የሚሠራው የውሃ ታንከሩ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

ሙባሪክ ጆሮው ነደደ። እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ዓይኑ ከጫማው ጋር ተጣበቀ። አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቆ፣ ቁርሷን አስቀርቶ፣ መንደሩን አስከትሎ ያመጣት ሆምባላ ለመስማት ነው።

"እማ፣ ብዬው ነበር" አለ። "እመኚኝ፣ ብዬው ነበር።"

"አፍህን አላየሁትም መሰለህ?" አለች ሐዋባይ። "እኔ ነኝ መብላት ያስተማርኩት። እማ ብለሃል።"

ከዚያ ብድግ አለች፤ የፊልሙ ብርሃን ጀርባዋ ላይ አረፈ።

"ቫጁ፣ ድገም።"

የቫጁ ጭንቅላት በትንሿ መስኮት ብቅ አለ። "ሐዋባይ፣ ይኼ እኮ ዘፈን አይደለም።"

"ድገም አልኩህ። ድምፁን ደግሞ ዝጋልኝ።"

ቫጁ አመነታ። ሦስት መቶ ጥንድ እግር ወለሉን መታ፤ ነጋዴዎቹም ነገሩ ሳይገባቸው አገዙ። ከጣሪያው የወረደው አቧራ ከፊት ያሉትን አስነጠሳቸው። ቫጁ ወደ ኋላ መለሰ፣ ከችኮላው የተነሣም አብዝቶ መለሰ፤ ጨፋሪዎቹ ወደ ኋላ ጨፈሩ፣ ሩዙ ከአፍ ወደ ሰሐን ተመለሰ። ኋላ ድምፁን ዘጋና ለቀቀው።

"ተነሣ" አለችው ሐዋባይ ልጇን፣ በክርኗም ጎኑን ወጋችው። "የሌላ ሰው አፍ ላይ ስትናገር ውለህ የራስህ ሊያቅትህ ነው?"

ሙባሪክ ተነሣ። ፊቱ መጋረጃው ላይ መጣ፣ በርከክ አለ። ጨለማው ውስጥ የቆመው ሙባሪክ ከንፈሩን ጠበቀ፣ እና ልክ ሲከፈት፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ ተናገረ።

"እማ፣ አንቺ እኮ ገና አልበላሽም።"

አንዲት ቃል አልዘገየችም፣ አንዲት ቃል አልቀደመችም።

ሐዋባይ የመለሰችው ከጎኗ ለቆመው አልነበረም። መጋረጃው ላይ ለተንበረከከው ነው፣ ፊቷን ወደ እሱ ቀና አድርጋ።

"የት እበላለሁ ልጄ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ አንተን ስጠብቅ።"

አዳራሹ ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሰው የተጠበሰ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሰው ራስ በላይ አቀበለ። ከግራ በኩል የሽንብራ ጥብስ መጣ፣ ከቀኝ ሙዝ፣ ከነጋዴዎቹ ረድፍ ገና ያልተከፈተ የጣፋጭ ሣጥን። እጅ በእጅ እየዞረ ሁሉም እሷ ጭን ላይ አረፈ። ሐዋባይ ተቀመጠች፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወደ አፏ ወረወረች። ሙባሪክ ሊቀመጥ ሲል ልብሱን ያዘችው። አፏ ገና ሙሉ ነበር።

"ቫጁ፣ ድገም" አለች።

ቫጁ ደገመ።